የመጀመሪያውን ስኮች ውስኪ ለመምረጥ፦ ከሌብሉ ቀለም በፊት ጢሱን ጠይቁ

ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ገንዘብ የገዛሁት ስኮች ውስኪ ለፋሲካ ነበር። ከጉዞ ስመለስ ኤርፖርት ውስጥ ሻጩን «ጥሩ የሚባለውን ስጠኝ» አልኩት። እሱም ጥሩ የሚባለውን ሰጠኝ፤ ከስኮትላንዷ አይላ ደሴት የመጣ፣ ጢሱ የከረረ። ዶሮው ተበልቶ ጠርሙሱ ሲከፈት አጎቴ አንዴ ፉት አሉና ብርጭቆውን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው እያዩ «ይሄ የሚጠጣ ነው ወይስ ቁስል የሚታጠብበት?» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ የደገመ ግን አልነበረም። ጠርሙሱ ቡፌው ላይ ሁለት ዓመት ከረመ።

ውስኪው ምንም አልጎደለውም፤ ዛሬ ከምወዳቸው አንዱ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ «ጥሩ» ብዬ ጠየቅሁ እንጂ «ጢስ አለው ወይ?» አላልኩም። እኛ ዘንድ ውስኪ የሚመረጠው በጆኒ ዎከር ሌብል ቀለም፣ እንደ ወታደር ማዕረግ ነው፦ ከሬድ ብላክ ይበልጣል፣ ከብላክ ጎልድ፣ ከጎልድ ብሉ። ይህ መሰላል የዋጋውን ቅደም ተከተል ያሳያል፤ ስለ ጣዕሙ ግን ብዙም አይነግርም፤ የዕድሜ መሰላልም አይደለም። ብላክ ሌብል ላይ 12 ዓመት ተጽፏል፣ ከእሱ የሚወደዱት ዳብል ብላክና ብሉ ላይ ግን የዕድሜ ቁጥር የለም።

ስኮች ምንድን ነው?

ስኮች የሚባለው ስኮትላንድ ውስጥ ወጥቶ እዚያው በኦክ እንጨት በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት የተኛ ውስኪ ነው። በርሜሉ ከ700 ሊትር መብለጥ የለበትም። ሲታሸግ የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ ማነስ የለበትም። ከውሃና ቀለሙን ለማስተካከል ከሚገባ ተራ ካራሜል በቀር ምንም አይጨመርበትም። ይህ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ደንብ የተደነገገ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ባሮች ውስጥ አብረው የሚደረደሩት ጀምሰንና ጃክ ዳንኤል ስኮች አይደሉም፤ አንዱ የአየርላንድ፣ ሌላው የአሜሪካዋ ቴነሲ ነው።

ጠላ ሲጠመቅና አረቄ ሲወጣ እያየ ያደገ ሰው የቀረውን ለመረዳት አይቸገርም። ገብስ ይነከራል፣ ይበቅላል፣ ይደርቃል፤ ብቅል ሆነ ማለት ነው። ብቅሉ ተፈጭቶ ጣፋጩ በሙቅ ውሃ ይወጣና እርሾ ይገባበታል፤ ጌሾ የሌለው ጠላ በሉት። ከዚያ በመዳብ ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ ይወጣል፤ ዳግም እንደምንለው አረቄ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1494 የስኮትላንድ ንጉሥ ግምጃ ቤት መዝገብ ላይ እንዲሁ ብቅል ነው የተጻፈው፦ ጆን ኮር ለሚባል መነኩሴ «የሕይወት ውሃ» እንዲያወጣበት ስምንት ቦል ብቅል ተሰጠ ይላል፤ ቦል የዚያ ዘመን የእህል መስፈሪያ ነው። ከእኛ አረቄ ጋር የሚለያዩት ከዚህ በኋላ ነው። የእኛው እንደ ወጣ ይጠጣል፤ የእነሱ ውሃ መስሎ ይወጣና በርሜል ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ከእንጨቱ ቀለምና ጣዕም ይወስዳል።

ጠርሙሱ ላይ ከምታዩዋቸው ቃላት ሦስቱን መለየት ይበቃል። ሲንግል ሞልት ከብቅል ገብስ ብቻ፣ በአንድ ማውጫ ቤት የተሠራ ነው። «ሲንግል» የሚለው ቤቱን እንጂ በርሜሉን አይደለም፤ ብዙ በርሜል ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ብሌንድድ ሞልት የበርካታ ቤቶች ሞልት ድብልቅ ነው። ብሌንድድ ስኮች ደግሞ ሞልትን ከስንዴ ወይም ከበቆሎ ከሚወጣ ቀለል ያለ ውስኪ ጋር የሚያዋህድ ነው፤ በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠው ስኮች ይሄኛው ነው። «ሲንግል ሞልት ካልሆነ ውስኪ አይባልም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት። ለጀማሪ ግን ብሌንድ ውርደት አይደለም፤ ጠርዙ እንዲለሰልስ ታስቦ የተዋሃደ ነው።

ጠርሙስ ከማንሳታችሁ በፊት

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጢሱ ነው። አንድን ስኮች ከሌላው የሚለየው ትልቁ ነገር ብቅሉ በምን እንደደረቀ ነው። በሙቅ አየር ብቻ ከደረቀ ውስኪው ጢስ የለውም። በፒት እሳት ከደረቀ ጢሱ ብቅሉ ላይ ያድራል፤ ሁለቴ ወጥቶ፣ ዓመታት ተኝቶም አይለቅም። ፒት በረግረግ መሬት ለሺህ ዓመታት የተከማቸ የዕፅዋት ብስባሽ ነው፤ እንደ ኩበት ተቆርጦና ደርቆ ይነዳል። የጢሱ መጠን ብቅሉ ላይ በሚገኘው ፌኖል ይለካል፦ ከአንድ ሚሊዮን እጅ የቦውሞር 25 ገደማ፣ የላፍሮይግ 40 ገደማ፣ የአርድቤግ 55 ገደማ ይደርሳል። ሦስቱም የአይላ ናቸው።

ጢስ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ በወይራ በሚታጠንበት ቤት ያደገ ምላስ ጢስን እንደ ጣዕም ያውቀዋል። ግን አትታለሉ፤ ወይራ የእንጨት ጢስ ነው፣ ደረቅና ጣፋጭ። የአይላ ፒት ሌላ ነው፤ በባሕር ነፋስ መካከል የኖረ ረግረግ ስለሆነ አዮዲን፣ ሬንጅ፣ የባሕር ሣር ይሸታል። አጎቴ ቁስል ማጠቢያ ያሉት ያንን ነው። ከሰሜን ስኮትላንድ ማዶ ያሉት የኦርክኒ ደሴቶች ዛፍ እምብዛም የላቸውም፤ ፒታቸው ሄዘር ከምትባል ቁጥቋጦ የተገኘ ስለሆነ ጢሱ ለስለስ ብሎ አበባ አበባ ይላል። የወይራ ወዳጅ ጢሳም ስኮችን ከዚያ ቢጀምር ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው በርሜሉ ነው። ቦርበን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ በሕግ አዲስ በርሜል ስለሚጠይቅ አንዴ ያገለገለው በርሜል ለስኮትላንድ ይሸጣል፤ ከእሱ ቫኒላ፣ ማርና የበሰለ ፍራፍሬ ይመጣል። ሼሪ የሚባለው የስፔን ወይን የነበረበት በርሜል ደግሞ ዘቢብ፣ ቴምርና ቅርንፉድ ያወርሳል። ጠርሙሱ ወይም ካርቶኑ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይጻፋል። ጠጅ የሚወድ ሰው ወደ ቦርበኑ፣ የሙሽራ ኬክና የደረቀ ፍሬ የሚወድ ወደ ሼሪው ያዘነብላል፤ ይሄ የእኔ ግምት ነው፣ እስካሁን ግን ብዙ አላሳፈረኝም።

ሦስተኛው ጥንካሬው ነው። 40 በመቶው ለጀማሪ ይበቃል። 46 እና ከዚያ በላይ ያለው ጣዕሙ ሙሉ ነው፣ ጉሮሮንም ያቃጥላል፤ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማውረድ ይቻላል። የተቀነሰውን ግን መመለስ አይቻልም።

አራተኛው እንዴት እንደምትጠጡት ነው። በአምቦ ውሃ ወይም በኮካ ልትቀላቅሉት ከሆነ ሲንግል ሞልት መግዛት ብክነት ነው። በባዶው ልትቀምሱት ከሆነ ደግሞ ከሁሉ ርካሹን ገዝታችሁ «ውስኪ አልወድም» እንዳትሉ።

ዕድሜን በኋላ ያመጣሁት አውቄ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር በድብልቁ ውስጥ ያለውን የታናሹን ዕድሜ ይናገራል፤ ለሕጉ የሚገባ ምስጋና ነው። ግን 18 ከ12 የግድ አይጣፍጥም፤ እንጨቱ በርክቶበት የሚመርርም አለ። ከታሸገ በኋላ ደግሞ ዕድሜው አይጨምርም። ለሠርግ የተሰጠው 12 ዓመት ውስኪ ቡፌ ላይ 20 ዓመት ቢቆም ያው 12 ነው። የቀለሙ ጥቁረትም አያታልላችሁ፤ ካራሜል እንደሚፈቀድ ከላይ ብያለሁ።

ጠርሙሶቹ አንድ በአንድ

አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን ወይም ለንደን በቀላሉ የሚገኙትን መርጫለሁ።

ሬድ ሌብል ዕድሜ ያልተጻፈበት ብሌንድ ነው። ወጣትና ቅመም ቅመም የሚል፣ ትንሽ ጢስ ያለው። ለመቀላቀል የተሠራ ነው፤ በሶዳና በበረዶ ሥራውን ይሠራል። በባዶው ጠጥተውት ስኮችን በሞላ የጠሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ያለ ቦታው ፈርደውበት ነው።

ብላክ ሌብል 12 ዓመት ነው። ከአይላ የሚመጣ ጢሳም ሞልት ስለሚገባበት ጢሱ ከኋላ ይሰማል፤ ከፊት ግን ዘቢብና ቫኒላ አለ። አንድ ጠርሙስ ብቻ ገዝቶ ስኮች በአጠቃላይ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ጢስም፣ ጣፋጭም፣ እንጨትም ሁሉንም በትንሽ በትንሹ ያሳያል። ከጠጣችሁት በኋላ «ጢሱን ወደድኩት» ካላችሁ ወደ ደሴቶቹ፣ «ጣፋጩን» ካላችሁ ስፔይሳይድ ወደሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ አካባቢ ትሄዳላችሁ።

ሺቫስ ሪጋል 12 የዚህ ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል፤ ጢስ የለውም ቢባል ይቀላል። ማር፣ ፖም፣ ለስላሳ። የልቡ ሞልት ስፔይሳይድ ውስጥ ኪት በምትባል ከተማ ካለው ስትራዝአይላ ይመጣል። ውስኪ ያስፈራቸዋል የምትሏቸው ዘመዶች ካሉ ይህን ቅዱላቸው።

መንኪ ሾልደር ብሌንድድ ሞልት ነው፤ ዕድሜ የለውም፣ ቫኒላና ብርቱካን ያመዝንበታል። ስሙ የመጣው ብቅል በአካፋ ሲያገላብጡ ትከሻቸው ከሚንጋደድባቸው የጥንት ሠራተኞች ነው። በባዶውም ሲቀላቀልም ያስኬዳል። ወደ ሞልት መሻገር ፈልጎ ኪሱ ለሚያመነታ ጥሩ ድልድይ ነው።

ግሌንፊዲክ 12 እና ግሌንሊቬት 12ን ለየብቻ ማየት ለጀማሪ ብዙም አይጠቅምም። ሁለቱም የስፔይሳይድ፣ ሁለቱም ያለ ጢስ፣ ሁለቱም 40 በመቶ ናቸው። የመጀመሪያው ፒር፣ ሁለተኛው አናናስና አበባ ያስታውሳል ይባላል። ግሌንሊቬት እ.ኤ.አ. በ1824 ሕጋዊ ፈቃድ በማውጣት የታወቀ ነው፤ ግሌንፊዲክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲንግል ሞልትን ከስኮትላንድ ውጭ ለመሸጥ ቆርጦ ተነሣ። የረከሰውን አንሡ።

ግሌንድሮናክ 12 የሼሪ በርሜል ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ያሳያል። 43 በመቶ ነው፤ ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ ቅርንፉድ። ማካላን 12 ሼሪ ኦክም የዚሁ መንገድ ነው፣ ግን ለስሙ ብዙ ትከፍላላችሁ። ለመጀመሪያ ጠርሙስ አልመክረውም።

ሃይላንድ ፓርክ 12 ያ የኦርክኒው ነው። የሼሪ ጣፋጭነትና ለስላሳ ጢስ አብረው አሉበት። ጢስ ላይ እያመነታችሁ ከሆነ መካከለኛው ቦታ ይህ ነው።

ታሊስከር 10 ከስካይ ደሴት፣ እ.ኤ.አ. ከ1830 ጀምሮ። 45.8 በመቶ ነው፤ ጢስ፣ ጨው፣ መጨረሻ ላይ ቁንዶ በርበሬ። ቅመም የለመደ አፍ ከሚጠበቀው በላይ ይቀበለዋል፤ ከጥብስ ጋር ሞክሩት።

ላፍሮይግ 10 የአይላን ጢስ ሳይሸፋፍን የሚያቀርብ ነው። ወይ ትወዱታላችሁ ወይ ትሸሹታላችሁ። መጀመሪያ ባር ውስጥ አንድ መለኪያ ቅመሱ፤ ሙሉ ጠርሙስ በጭፍን አትግዙ። በነገራችን ላይ «አይላ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መሐሉ ላይ «ኤስ» አለበት፤ ሲነበብ ግን የለም። እኔ ወር ሙሉ «ኢስላይ» እያልኩ ኖሬያለሁ።

| ጠርሙስ | ዓይነት | ጢስ | ዋናው ጣዕም | አልኮል (በመቶ) | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሬድ ሌብል | ብሌንድ | ጥቂት | ቅመም | 40 | ዝቅተኛ |
| ብላክ ሌብል 12 | ብሌንድ | መጠነኛ | ዘቢብ፣ ቫኒላ | 40 | መካከለኛ |
| ሺቫስ ሪጋል 12 | ብሌንድ | የለም ይባላል | ማር፣ ፖም | 40 | መካከለኛ |
| መንኪ ሾልደር | ብሌንድድ ሞልት | የለም | ቫኒላ፣ ብርቱካን | 40 | መካከለኛ |
| ግሌንፊዲክ 12 / ግሌንሊቬት 12 | ሲንግል ሞልት | የለም | ፒር፣ አናናስ | 40 | ከፍ ያለ |
| ግሌንድሮናክ 12 | ሲንግል ሞልት | የለም | ዘቢብ፣ ቸኮሌት | 43 | ከፍ ያለ |
| ሃይላንድ ፓርክ 12 | ሲንግል ሞልት | ለስላሳ | ማር፣ ሄዘር | 40 | ከፍ ያለ |
| ታሊስከር 10 | ሲንግል ሞልት | ጠንከር ያለ | ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ | 45.8 | ከፍ ያለ |
| ላፍሮይግ 10 | ሲንግል ሞልት | ከባድ | አዮዲን፣ የባሕር ሣር | 40 | ከፍ ያለ |

ለአሜሪካ ገበያ የሚቀርቡት አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ላፍሮይግና ሃይላንድ ፓርክ፣ 43 በመቶ ሆነው ይገኛሉ። ዋጋን በቁጥር ያልጻፍኩት ዛሬ የጻፍኩት ለከርሞ ስለሚያስቅ ነው። ሱቅ ስትገቡ የሬድ ሌብልን ዋጋ ጠይቁና ሌላውን ከእሱ ጋር እያነጻጸራችሁ አስቡ።

ለማን የትኛው?

ገንዘብ ጠበቅ ካለና ከጓደኞች ጋር በሶዳ ለመጠጣት ከሆነ ሬድ ሌብል፤ ተጨማሪ አትክፈሉ። ትንሽ ጨምራችሁ አንድ ጠርሙስ ብቻ ለመያዝ ከሆነ ብላክ ሌብል። ጢስ የሚባል አልፈልግም ካላችሁ ሺቫስ፣ ቀጥሎ ከግሌንፊዲክና ከግሌንሊቬት የረከሰው።

ስጦታ ሲሆን ሒሳቡ ይለወጣል፤ የሚሰጠው ጣዕሙ ብቻ ሳይሆን መታወቁም ነው። ለአማች ቤት ወይም ለሽማግሌዎች ስትወስዱ ብርቅ የሆነ የአይላ ሞልት ይዞ መሄድ እንደኔ ፋሲካ ሊያደርጋችሁ ይችላል። ብላክ ሌብል ወይም ሺቫስ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይጠጣዋል። እንደዚህ ዓይነት ቀን ለትምህርት አይሆንም። የሚጠጣውን ለሚያውቅ ሰው ግን ግሌንድሮናክ ወይም ታሊስከር ስጡት፤ እንዳሰባችሁለት ይገባዋል።

ጣዕሙን በእርግጥ ማወቅ ለሚፈልግ ከአንድ ትልቅ ጠርሙስ ይልቅ ሦስት ትንንሽ ይሻላል። 50 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ጠርሙሶች አሉ፤ ካልተገኙ ከሁለት ጓደኛ ጋር እየተጋገዛችሁ አንድ ጢስ የሌለው፣ አንድ ሼሪ፣ አንድ ጢሳም ግዙና ጎን ለጎን ቅመሱ። ከቀላሉ ወደ ጢሳሙ ሂዱ፤ ከላፍሮይግ በኋላ ግሌንሊቬት ውሃ ነው።

ስትቀምሱ ወደ ላይ ጠበብ የሚል ብርጭቆ ያዙ፣ አፍንጫችሁን ወደ ውስጥ አትንከሩ፤ አፋችሁን ገርበብ አድርጋችሁ ከጠርዙ ላይ አሽትቱ። መጀመሪያ በባዶው፣ ከዚያ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምራችሁ ድገሙት፤ ሽታው ሲከፈት ይታወቃችኋል። በረዶ ቃጠሎውን ይቀንሳል፣ ሽታውንም ይዘጋል። ቆሎ ካለ ጥሩ፤ የገብሱን ጣዕም ከቆሎው ቀጥሎ ውስኪው ውስጥ ፈልጉት። የእንግሊዝ መጠጥ ቤት አንድ መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ 25 ሚሊ ሊትር ነው፤ በዚህ ልክ ከ700 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 28 መለኪያ ይወጣል። እኛ ቤት አንድ ጠርሙስ አራት ሰው ላይ በአንድ ማታ ሲያልቅ ምን ያህል እንደጠጣን ከዚህ አስሉት። መድኃኒት ላይ ያለ፣ እርጉዝ የሆነች፣ መኪና የሚያሽከረክር ግን ጨርሶ አይቅመስ።

ስትገዙና ስትይዙ

ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ከወረደ ተጠራጠሩ፤ አትርፎ የሚኖር ነጋዴ ከኪሱ አይሰጣችሁም። ክዳኑ ላይ ያለው ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን፣ በሁለት ጠርሙስ መካከል የፈሳሹ ልክ እኩል መሆኑን፣ ጽሑፉ ያልደበዘዘና ያልተጣመመ መሆኑን እዩ።

ከኤርፖርት የምትገዙ ከሆነ ሻጩ የሚያሽግላችሁን ከረጢት ቤት እስክትደርሱ አትክፈቱት። መሐል ላይ ሌላ ፍተሻ ካለባችሁ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ ከረጢቱ ተከፍቶ ከተገኘ ሊወሰድባችሁ ይችላል። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ወደ ኩዌት የምትገቡ ደግሞ ጭራሽ አትያዙ፤ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው።

ቤት ስትደርሱ ጠርሙሱን አቁሙት። እንደ ወይን አይጋደምም፤ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይሁን፤ መስኮት ፊት ያለ ቡፌ ለዕይታ እንጂ ለውስኪ አይመችም። ከግማሽ በታች ከሆነ በኋላ አየሩ ስለሚበዛበት ጣዕሙ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ጨርሱት።

ጠርሙሱ ሲያልቅ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ሌብሉን ፍቁት፣ ክዳኑንም አጣምሙት። ባዶ የብላክ ሌብል ጠርሙስ የሚፈልግ ሰው ምን ሊሞላበት እንደሚፈልግ አይታወቅም።